አቦይ ግደይና ጠዋት የሚንኳኳው ሞተር

ባለፈው ሰሞን ጎረቤቴ ክብሮም አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና እየነዳ መጣና በሬ ላይ አቆመው። «አደይ አልማዝ፣ በሞቴ ይውጡና ይመርቁልኝ!» አለኝ። ወጣሁ። ኮፈኑን ከፍቶ ሲያሳየኝ የማየው ነገር አጣሁ። ዘይት የለው፣ ካንዴላ የለው፣ ቺንጋ የለው፣ ቫልቭ የለው! አንድ የታሸገ ሳጥንና ወፋፍራም ብርቱካናማ ሽቦ ብቻ። «ታዲያ ይሄ በምን በኩል ነው የሚተነፍሰው?» ስለው ከት ብሎ ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ፤ መረቅሁለትም። ቤት ከገባሁ በኋላ ግን ሆዴ ባባ።

ዕድሜዬን የጨረስኩት ሞተር ሲተነፍስ በማዳመጥ ነው። አሁን ጉልበቴ እምቢ ብሎኝ ቱታዬን ሰቅያለሁ። ከእንግዲህ የሚመጡት መካኒኮች እኔ የኖርኩበትን ሥራ ላያውቁት ነው ማለት ነው። አይወቁት፣ ምን ቸገረኝ፣ የራሳቸው ሥራ አላቸው። አቦይ ግደይ የሚባሉ ሰው በመቐለ ከተማ እንደነበሩ ሳይነገር ቢቀር ግን እግዜርም አይወደው።

ተወልጄ ያደግሁት ደብረ ብርሃን ነው። ቴክኒክ ትምህርት ቤት የመኪና ጥገና ክፍል ስገባ እናቴ «በዘይት የተጨማለቀች ልጅ ማን ያገባታል?» ብላ አልቅሳ ነበር። መጀመሪያ የተመደብኩት ኮምቦልቻ፣ አንድ የመንግሥት ጋራዥ ውስጥ ነው። አለቃዬ ደግ ሰው ነበር፤ ግን «ሴት ልጅ መኪና ሥር ተጋድማ ምን ይባላል!» ብሎ ዕቃ ግምጃ ቤት ወረወረኝ። ተናደድኩ። ደግነቱ እዚያ ተቀምጬ እያንዳንዱን ዕቃ ዓይኔን ጨፍኜ በእጄ ዳብሼ መለየት ተማርኩ። ኋላ ወደ መቐለ የመንግሥት ጋራዥ ተዛወርኩ። የዚያኛው አለቃዬ ስብሰባ የሚወድ ሰው ነበር፤ እሱ ሲሰበሰብ እኔ መኪና እፈታ ነበር፤ በዚህ ተስማምተን ኖርን። ደመወዙ እንኳ አያስወራም፣ እንለፈው። እናቴ የፈራችው ግን አልደረሰም፤ የሂሳብ መምህር የሆነ የመቐለ ልጅ በዘይት እንደተጨማለቅሁ አገባኝ።

ጋራዡ ተዳክሞ ሠራተኛ ሲቀንስ ሥራ ፈትቼ ቤት ተቀመጥኩ። ባለቤቴ ነው «ቀዳማይ ወያነ ገበያው ጀርባ ጋራዥ ያላቸው አንድ ሽማግሌ አሉ፣ ሰው አይቀጥሩም ይባላል፣ ሂጂና ሞክሪ» ያለኝ። ማልጄ ሄድኩ። አጠር ያሉ፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው የቆለፉ ሰው አንድ መኪና አጠገብ ቆመዋል። ትግርኛዬን አሳምሬ «ከመይ ሓዲርኩም አቦይ፣ እንዴት አደሩ፣ ቤተሰብ ደህና...» ብዬ ሳልጨርስ መዳፋቸውን ዘረጉብኝ። ዝም በይ ማለታቸው ነው። እዋእ! ሰላምታ የሚከለክል ሽማግሌ አይቼ አላውቅም። በዚህ አገር ሰላምታ አቋርጦ የሚሄድ ሰው ወይ ተቀይሟል ወይ ቤቱ እየተቃጠለ ነው። ልመለስ ስል ለባለ መኪናው ምልክት ሰጡት፣ ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ ሲነሳ «ገርርር» የሚል ድምፅ ከፊት በኩል መጣና ወዲያው ጠፋ። ብልጭ እንዳለ መብራት ነው፤ ያልጠበቀው ሰው አይሰማውም።

«አጥፋው» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ፊታቸው በፈገግታ ተሞላ። «እንዴት አደርሽ ጓለይ፣ ልጄ? ልጆች ደህና? ቤት ደህና? ብርዱ እንዴት ነው?» ሰላምታቸው የማያልቅ ሆነ። እኔ ግን ኩርፊያዬ ሳይለቀኝ «ምን ነበር እሱ ድምፅ?» አልኳቸው። ዓይናቸው በራ። «ሰማሽው?» አሉ። «ሰማሁት» አልኩ። «በይ ቱታሽን አምጪ» አሉኝ። የቅጥር ቃለ መጠይቄ ይህ ነበር።

አቦይ ግደይ ልጅ ሆነው አሥመራ፣ ጣሊያኖች በተዉት ጋራዥ ውስጥ የሠሩ ሰው ናቸው። ካርቡራቶርን በልጅነታቸው፣ ናፍጣ ፖምፓን በጎልማሳነታቸው፣ ኮምፒውተር ያለውን ሞተር ደግሞ ሸብተው ተማሩ። የእኩዮቻቸው መካኒኮች አዲሱን ሞተር ሲያዩ «ይሄ የሰይጣን ሥራ ነው» እያሉ ሲሸሹ እሳቸው እንደ ሙሽራ ይሽኮረመሙለት ነበር። በተለይ የወደዱት ቪቪቲ የምንለውን ነው፤ የቫልቮቹን መክፈቻ ሰዓት እንደ ሁኔታው የሚያስቀድምና የሚያዘገየውን ዕቃ።

እኔ በትምህርት ቤት የተማርኩት ሞተር ቫልቩ የሚከፈትበት ሰዓት አንዴ ከተገጠመ በቃ፣ አይለወጥም። ይህን ስነግራቸው ተነስተው በጋራዡ ውስጥ እየተራመዱ «ጓለይ፣ ወደ እንዳ ኢየሱስ ዳገት ስትወጪና ገበያ መሃል ስትሄጂ ትንፋሽሽ አንድ ነው?» አሉኝ። «አይደለም» አልኩ። «ሞተርስ ለምን አንድ ይሁን? የድሮው ሞተር ዳገትም ላይ ሜዳም ላይ በአንድ ትንፋሽ ይኖር ነበር፣ ምስኪን! ይሄ ግን መተንፈስ ተማረ» አሉ። ይህን ሲናገሩ የልጃቸውን ምርቃት የሚያወሩ ነበር የሚመስሉት።

ዕቃውን ፈትተው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡልኝ። ቫልቮቹን በሚከፍተው ዘንግ፣ በካምሻፍቱ ጫፍ ካቴናው የሚዞርበት ጥርስ አለ። ያ ጥርስ ድፍን ብረት አይደለም፤ ውስጡ ትናንሽ ጓዳዎች አሉት። በአንዱ ወገን ዘይት ሲገባ ካምሻፍቱን ትንሽ ወደፊት ይገፋዋል፣ ቫልቮቹ ቀደም ብለው ይከፈታሉ። በሌላው ወገን ሲገባ ወደኋላ ይመልሰዋል። ዘይቱን ወዴት ሂድ የሚለው አውራ ጣት የምታህል በኤሌክትሪክ የምትሠራ ቫልቭ ናት፤ በሞተሩ በወዲህም በወዲያም በኩል አንዳንድ አለች። ከእሷ በፊት ደግሞ ጥፍር የምታክል ወንፊት አለች፤ ቆሻሻ እንዳያልፍ። ሞተሩ ሲጠፋ በጥርሱ ውስጥ ያለ መቀርቀሪያ ቦታውን ይቆልፈዋል። መቀርቀሪያው ከተበላ ወይም ዘይቱ ቶሎ ካልደረሰ ጥርሱ ልቅ ሆኖ ይንኳኳል። መቼ? ሌሊቱን ያደረ ሞተር ጠዋት ሲነሳ፣ ዘይቱ ጓዳዎቹን እስኪሞላ ድረስ ብቻ። ከዚያ ዝም ይላል። ቀኑን ሙሉ ብትነዳው አይነግርህም።

ለዚህ ነው አቦይ ግደይ ማንንም መኪና በመጣበት ሰዓት የማይነኩት። «ይደር» ይላሉ። ባለ መኪና ይቆጣል፣ ይለማመጣል፣ የልጁን ስም ጠርቶ ይምላል፤ «ይደር» ነው መልሱ። ጠዋት ባለቤቱ ይመጣል፣ መዳፋቸው ይዘረጋል፣ ጋራዡ ጸጥ ይላል፣ ሞተሩ ይነሳል። ሰላምታ ከዚያ በኋላ ነው። ሞተሩ ደህና ከሆነ «ጽቡቕ!» ይላሉ። በቃ፣ እሳቸው ጽቡቕ ያሉትን መኪና ሰው ሳይጠይቅ ይገዛዋል። ከተማው ውስጥ ከዚህች ቃል የበለጠ ዋስትና አልነበረም።

እጃቸውን ልንገራችሁ። ዘይት ከሞተሩ መለኪያ ዘንግ ላይ ወስደው በአውራ ጣትና በሌባ ጣታቸው መሃል ሲያሹት ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ያሸቱታል። ነጭ ወረቀት ላይ ጠብ አድርገው ወደ ፀሐይ ያነሱታል። ወንፊቷን በቤንዚን አጥበው በእስትንፋሳቸው እፍ ብለው ቀዳዳዎቿን በብርሃን ያያሉ። ቫልቯን ደግሞ ለአፍታ ያህል ከባትሪ ጋር አገናኝተው «ጠቅ» ማለቷን ይፈትናሉ፤ ስትፈተን ታዲያ እንደ ሐኪም በሁለት ጣት ደም ሥሯን የያዙ ነው የሚመስሉት። ካቴና ከመፍታታቸው በፊት ጥርሱና ካቴናው የሚገናኙበት ላይ በቀይ የጥፍር ቀለም ምልክት ያደርጋሉ። ቀለሙን ከሱቅ የምገዛው እኔ ነኝ። ባለ ሱቋ «አልማዝ፣ አንቺ እኮ ጥፍር የለሽም!» ትለኝ ነበር፤ እውነቷን ነው።

አንድ ነገር ብቻ ያስቆጣቸዋል፤ ወፍራም ዘይት። በእኛ አገር መኪናውን የሚወድ ሰው ሞተሩ የደከመ ሲመስለው ወፍራም ዘይት ይጨምርለታል። ይንኳኳል? ወፍራም ዘይት። ዳገት ከብዶታል? ወፍራም ዘይት። አቦይ ግደይ ይህን ሲያዩ «ሞተር አራስ አይደለም! ጋዓት አታብሉት!» ብለው ይጮሃሉ። ጋዓት በትግርኛ ገንፎ ነው። «ሰዎች ዘይት የሞተር ደም ነው ይላሉ። በዚህ ሞተር ላይ ዘይት እጅ ነው፣ እየገፋ እየጎተተ የሚሠራ እጅ። እጁን ካወፈርክበት በዚያች ጠባብ ቀዳዳ በምን ይግባ?» ይላሉ። አብዛኛው ጥገናችን ሌላ ምንም አልነበረም፤ በፍቅር የተጨመረ ወፍራም ዘይት አፍስሶ፣ ወንፊት አጥቦ፣ ቀጭኑን መሙላት ነው።

ከዚያ ክፉው ጊዜ መጣ። ስለ እሱ ብዙ አልጽፍም፤ ያየው ያውቀዋል። መንገድ ተዘጋ፣ ቤንዚን በላስቲክ ጠርሙስ የሚሸጥ ብርቅ ነገር ሆነ፣ መኪኖች በየግቢው ጨርቅ ለብሰው ቆሙ። አቦይ ግደይ ያኔም ጋራዡን አልዘጉም። ጠዋት ጠዋት በእግራቸው መጥተው የቆሙትን መኪኖች አንድ በአንድ ኮፈናቸውን ከፍተው ሞተሩን በትልቅ ቁልፍ ትንሽ ያዞሩታል፤ እንዳይጣበቅ። «ተኝቷል እንጂ አልሞተም» ይላሉ። ሥራ የለ፣ ገቢ የለ፣ እሳቸው ግን ይዞሩ ነበር። እንደዚያ ያለ ሰው ማድነቅ ካልሆነ ምን ይደረጋል?

መንገዱ ሲከፈት ሁሉም መኪና በአንድ ጊዜ ነቃ፣ ሁሉም ታሞ ነቃ። ከእነሱ መካከል የሃፍቶም ሚኒባስ ነበር። ሃፍቶም ቀጭን፣ ዓይነ አፋር ሹፌር ነው፤ ድሮ ጠዋት ጠዋት ሠራተኞችን ወደ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ያመላልስ ነበር። ያ ሥራ ሲቆም ወደ ሓገረ ሰላም ገበያተኛ ለመጫን አሰበ። ልጆቹን የሚያበላው ይህ መኪና ብቻ ነው፤ ሌላ መሬት የለው፣ ሌላ ሙያ የለው። መኪናው ስለተረፈለት ደስ ብሎት ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ለጭነት መኪና የሚሆን ወፍራም ዘይት ፈልጎ አግኝቶ ሞላበት! አቦይ ግደይ ወረቀቱ ላይ ጠብ አድርገው ሲያዩት «ዋይ ኣነ፣ ጋዓት በቅቤ!» አሉ። ዘይቱን ቀየርን፣ ወንፊቷን አጠብን፣ ቫልቯን ፈተንን። መኪናው አደረ። ጠዋት ሲነሳ እኔ ዕቃ ልገዛ ወጥቼ ነበር፤ ስመለስ ሃፍቶም እጃቸውን ስሞ ሲወጣ አገኘሁት። «ጽቡቕ ብለውታል» አለኝ። እኔም ጉዳዩን ረሳሁት።

ጥቂት ሰንብቶ መኪናው በገመድ ተጎትቶ መጣ። ሓገረ ሰላም ዳገት ላይ ሞተሩ አንድ ጊዜ ጓ ብሎ ጮኸና ቀጥ አለ። እግዚአብሔር ይመስገን በዝግታ እየወጣ ስለነበር ሰው አልተጎዳም፤ ተሳፋሪዎቹ ወርደው ዶሮና ቅቤያቸውን ተሸክመው በእግር ሄዱ። ስንፈታው ካቴናው ጥርስ ዘሎ ቫልቮቹ ከፒስተኖቹ ጋር ተጋጭተው ነበር። አንዳንዶቹ ቫልቮች ተጣመዋል። የተበላው መቀርቀሪያና የላላው የካቴና መወጠሪያ ቀድሞውኑ እዚያ ነበሩ፤ በአንድ ቀን የሚመጣ ጉዳት አይደለም። አቦይ ግደይ አንዱን የተጣመመ ቫልቭ ይዘው በጨርቅ እየወለወሉ ወደ መስኮቱ ዞሩ። «ያን ቀን ጠዋት እኮ ዝም ብሎ ነበር» አሉ፤ ለራሳቸው የሚያወሩ ይመስል።

እኔ ግን ነገሩ አልዋጥልኝ አለ። እንዲህ የተበላ ጥርስ ጠዋት ዝም አይልም። ሃፍቶምን «አንተ እዚህ ነበርክ። ያን ቀን ሲነሳ ምን ሰማህ?» አልኩት።

መሬት መሬት አየ። «ይንኳኳ ነበር አደይ» አለ። «ከወትሮው ረዘም ብሎ ነው የተንኳኳው።»

«ታዲያ አፍ የለህም? ለምን አልተናገርክም!» ብዬ ጮህኩበት።

«አቦይ ጽቡቕ ካሉ በኋላ እኔ ማን ነኝ? በሽማግሌ ፊት ‹አልሰሙም› ልበል? ሌሎቹም ሹፌሮች ነበሩ፣ ሁሉም ሰምቷል፣ ማንም አልተነፈሰም። ነውር ነው አደይ!»

ድምፃችን ከፍ ብሎ ነበር። ጋራዡን የሚያናጋ ጩኸት ነው የጮህኩት። አቦይ ግደይ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ፣ ጀርባቸውን ሰጥተውን፣ ያንኑ ቫልቭ እየወለወሉ ነበር። አልዞሩም። ሃፍቶምም አያቸው፣ እኔም አየኋቸው። ለሁለታችንም በአንድ ጊዜ ነገሩ ገባን። ዕድሜም ይሁን ያ ክፉ ጊዜ እንጃ፣ አቦይ ግደይ አይሰሙም ነበር። ለካ ቫልቯ ጠቅ ስትል በጣታቸው ነበር የሚያውቋት። ለካ ሰው ሲያወራ ከንፈር ከንፈሩን የሚያዩት ለዚህ ነው።

ዞሬ ፊት ለፊታቸው ቆምኩ። ቀስ ብዬ፣ አፌን ከፍቼ፣ ሃፍቶም ያለውን ነገርኳቸው። ቫልቩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። አንድ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጡና እጃቸውን አዩ። «ጆሮዬ መድከሙን አውቅ ነበር፤ እስከዚህ ግን አልመሰለኝም። እስከ ዛሬ ስንቱን ጽቡቕ አልኩት?» አሉ። ከዚያ ተነስተው ቱታቸውን አውልቀው ምስማሩ ላይ ሰቀሉና ወጡ። በማግስቱ አልመጡም። ከዚያም አልመጡም።

ሃፍቶም ደግሞ መኪናውን ሌላ ጋራዥ አልወስድም ብሎ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። «እኔ ነኝ ዝም ያልኩት፣ እኔ ነኝ ያዋረድኳቸው» ይላል። ቤት ውስጥ ልጆቹ ምን እንደሚበሉ እግዜር ይወቅ። ሞተር እዚያ ተበትኖ፣ ባለ መኪና እዚያ ተክዞ፣ ባለሙያው ቤታቸው ተደብቀው! ቁጡ ነኝ፣ አልክድም። ነጠላዬን አጣፍቼ ቤታቸው ሄድኩ። ባለቤታቸው አደይ ለተ በሩን ከፍተው «እህል አልቀምስም ብሏል፣ አንቺ ተናገሪው» አሉኝ።

ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል። «ጆሮ የሌለው መካኒክ ምን ይሠራል ጓለይ?» አሉኝ። «ሰው በእኔ ቃል ልጆቹን ይጭናል። ቃሌ ባዶ ከሆነ ቤቴ መቀመጥ ነው ያለብኝ።»

«የሃፍቶም ልጆችስ?» አልኩ።

«አንቺ ሥሪለት።»

«አልሠራም!» አልኩ። ሳስበው ዛሬም ይገርመኛል፣ ሽማግሌ ላይ ጮህኩ። «እጅዎ ይሰማል፣ ዓይንዎ ይሰማል። ጆሮዎን እኛ እንሆናለን። እርስዎ ካልመጡ አልነካውም፣ እንዲሁ ተበትኖ ይቀራል!»

«ሁለተኛ ብሳሳትስ?» አሉ። «ሃፍቶም ሌላ ሞተር የለውም።» የሚፈሩት ይህን ነበር። ስማቸው ከተማው ውስጥ መነሳቱ አልነበረም ያስጨነቃቸው። ነጠላዬን አስተካክዬ ወጣሁ። በማግስቱ ጋራዡን ስከፍት ግን ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው ደጃፉ ላይ ከሃፍቶም ጎን ተቀምጠው አገኘኋቸው።

በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ሥራ አላየሁም። በተጣመሙት ፈንታ አዲስ ቫልቮች፣ አዲስ ጥርስ፣ አዲስ ካቴናና መወጠሪያ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ አስመጣን። ደህና የሆኑትን ቫልቮች ከመቀመጫቸው ጋር በአሸዋማ ቅባት እያሸን በእጃችን አፋተግናቸው፤ አቦይ ግደይ እያንዳንዷን በጥፍራቸው ጫፍ እየዳበሱ «ገና» ወይም «በቃ» ይላሉ። ቤንዚን አፍስሰን አለማንጠባጠቡን አየን። የካቴናው ባለ ቀለም ቀለበቶች ከጥርሱ ምልክት ጋር መገናኘታቸውን እሳቸው አይተው፣ እኔ አይቼ፣ ሃፍቶምንም ጠርተን አሳየነው። «ምልክቱ ልክ ነው?» ሲሉት ሃፍቶም «እርስዎ ካሉ...» ብሎ ሊጀምር ሲል «እኔ ምን እንዳልኩ አልጠየቅሁህም፣ ዓይንህ ምን አለ?» ብለው አፈጠጡበት። ለማዳመጫ ደግሞ የራሳቸውን ዘዴ አመጡ፤ ረጅሙን ካቻቢቴ ጫፉን ሞተሩ ላይ ተክለው እጀታውን በጥርሳቸው ነከሱት። ንዝረቱ በአጥንታቸው እየሄደ ይደርሳቸዋል። መጀመሪያ ሲሞክሩት ፊታቸው እንደ ሕፃን ፈካ።

ሞተሩ ተገጠመ፣ ከሰዓት በኋላ ተነስቶ ሠራ፣ ደህና መሰለ። እንደ ልማዳችን አደረ። ጠዋት ጋራዡ ሞልቶ ነበር፤ ወሬው ተዳርሶ የማናውቃቸው ሹፌሮች ሳይቀሩ መጥተዋል። ሃፍቶም ሸሚዙን አጥቦ ለብሶ፣ ገበያተኞቹን መናኸሪያ አስጠብቆ ነው የመጣው። ያን ቀን ካልጫነ ተራውን ለሌላ ሰው ይሰጡበታል። አቦይ ግደይ ካቻቢቴውን ነክሰው በካቴናው በኩል ተደገፉ። መዳፋቸው ተዘረጋ። ሃፍቶም ቁልፉን አዞረ፣ ሞተሩ ተነሳ።

ካቻቢቴውን ከአፋቸው አወጡት። ሁሉም ያችን ቃል ጠበቀ። እሳቸው ግን ወደ ሰዉ ዞረው ሸሚዛቸውን አስተካከሉና በሙሉ ድምፃቸው «እዚህ በያዝኩት በኩል ደህና ነው» አሉ። «ግን ስሙኝ፤ እኔ ግደይ ጆሮዬ አይሰማም። ደብቄያችሁ ነበር። ከዛሬ ጀምሮ የእኔ ዝምታ ምስክር አይሆንም። እናንተስ ምን ሰማችሁ?»

እኔ በዚያኛው በኩል ያለ አንድ ነገር ጆሮዬን ቆርቁሮኝ ነበር፤ ልናገር ስል በዓይናቸው ከለከሉኝ። አንዱ ሹፌር ቶሎ ብሎ «ጽቡቕ ነው አቦይ!» አለ። ሌላውም ተከተለው። ይሉኝታ አይለቅም። «እናንተን አይደለም» አሉና ወደ ሃፍቶም ዞሩ። «ባለቤቱ ይናገር።»

ሃፍቶም ቁልፉን እንደያዘ ነው። ጽቡቕ ቢል አሁኑኑ ይወጣል፣ ይጭናል፣ ልጆቹ ይበላሉ። ሰዎቹ «በል እንጂ» የሚል ዓይን ጥለውበታል። 

«አይደለም» አለ፤ ድምፁ የልጅ ሆነ።

«ምን አለ?» አሉኝ።

ሃፍቶም ራሱ ፊታቸው ድረስ ሄዶ ቆመ። «አይደለም አቦይ! በወዲያኛው በኩል ይንኳኳል! አልሰሙትም!» ብሎ ጮኸና ወዲያው አፉን በእጁ ያዘ።

ጋራዡ ደነገጠ። እሳቸው አጎንብሰው ቁልፍ አነሱ፣ በዚያኛው በኩል ያለችውን ቫልቭ ፈቱ፣ ወንፊቷን አወጡ። ቀጭኑ ዘይት የድሮውን ጥቁር ዝቃጭ ከቧንቧው አጥቦ አምጥቶ በወንፊቷ ላይ ለጥፎታል፤ ብርሃን አያሳልፍም። እንደዚያው ቢወጣ ዳገቱ ላይ ያ ታሪክ ሊደገም ነበር። ወንፊቷን ለሁሉም በየተራ አሳዩ። ከዚያ በዘይት በተጨማለቀ እጃቸው የሃፍቶምን ፊት ይዘው ግንባሩን ሳሙት፤ የጣታቸው አሻራ በጉንጩ ላይ ቀረ። ሃፍቶም ያለቅሳል። እሳቸውም ያለቅሳሉ።

«እንዲህ የምትነግሩኝ ከሆነስ፣» አሉ አቦይ ግደይ፣ «ነገም እሠራለሁ።»